በፍሩትቬል ክሪስታል የቆረጥኩባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ቀረበ፣ ካርድ ተፈረመ፣ ከካርዱ ጋር ደግሞ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱ የወርክሾፑ ታሪክ ነው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ታትሞ ለደንበኞች ይታደላል። ከኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚወጣው እያንዳንዱ የክሪስታል ሳህን ከአየርላንድ የወደብ ከተማ፣ ከዋተርፎርድ በመጡ ሚስተር ፊላን በሚባሉ ባለሙያ እጅ የተቆረጠ ነው ይላል። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል «ድጋፍ የሰጡ ሠራተኞች» የሚል ዝርዝር አለ። የኔ ስም አራተኛው ላይ ነው፤ ዕቃ ከሚያሽገው ሰውዬ ቀጥሎ።

ኬኩን በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እቤቴ ገብቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ወረቀት ላይ ያሉትን ሳህኖች የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ወረቀቱ እንዲታረም ጠይቄ ስላልታረመ ነው። የሚያነበው ሰው ስለ ትዳሬ፣ ስለ ልጆቼና ከአገር ስለወጣሁበት መንገድ አይጠብቅ። የምጽፈው ስለ ሥራ ነው።

ብርጭቆ መሞረድ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ መነፅር ቤት ውስጥ ነው። ጥሬውን መስታወት በሚሽከረከር ድንጋይ እየሞረድኩ በፍሬሙ ልክ አወጣ ነበር። ባለቤቱ ሲናገሩ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። የማይሆን ሥራ ሳሳያቸው መነፅሩን በራሴ ዓይን ላይ ያደርጉልኝና ወደ መንገድ ያዞሩኝ ነበር። መንገዱ ተጣሞ ሲታየኝ ተመልሼ እሠራለሁ። ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የስደት ነገር ነው፤ እዘለዋለሁ።

አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ የሆቴል አንሶላ አጠብኩ፣ ቀጥሎ ሳን ሆዜ የመነፅር መስታወት የሚሠራ ላብራቶሪ ገባሁ። እዚያ ያለው አለቃዬ እጄ ጥሩ እንደሆነ ሲያይ ሦስት ልጆች አስተምሪ አለኝ። አስተማርኩ። በስምንተኛው ወር ማሽን አመጡ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ያስተማርኳቸው ሦስቱ ሆኑ፣ እኔን አሰናበቱኝ። አለቃዬ በር ድረስ ሸኘኝና «አንቺ ሥራ አታጪም» አለኝ። ሥራ ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብኝ። ስሙን አልጠራም፤ በሕይወት እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ፍሩትቬል ያለውን ወርክሾፕ ያገኘሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወርዶ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሠፈሩ ድሮ የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካዎች የነበሩበት ነው። ኮክና ቲማቲም በቆርቆሮ የሚያሽጉ ሴቶች በሰልፍ የሚገቡባቸው ትልልቅ የጡብ ቤቶች ባዶ ቆመዋል። ከነዚያ የአንደኛው ጥግ ተከራይቶ ነው ዳግላስ የሚባለው ሰው የተሸረፈ ክሪስታል የሚያስጠግነው። አያቱ ከአየርላንድ የመጡ መሆናቸውን በተገናኘን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነግሮኛል። እሱ ራሱ ብርጭቆ ይዞ ድንጋይ ላይ አስጠግቶ አያውቅም። ደንበኛ ማነጋገር ግን ይችልበታል።

ሥራው ቀላል ነው የሚመስለው። ሰው ከንፈሩ የተሸረፈ ብርጭቆ ያመጣል፤ ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ሞርደን ዝቅ እናደርገዋለን፣ እናለሰልሰዋለን፣ እናወለውለዋለን። ብርጭቆው ትንሽ ያጥራል፣ ባለቤቱ አያውቅም። ዳግላስ የቀጠረኝ ለማጠብና ለማወልወል ነው። መሞረድ እችላለሁ ስለው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብሎ ፎጣ ሰጠኝ።

ቆራጩ ሚስተር ፊላን ነበሩ። ያኔ ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። አጭር፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ክንዳቸው ግን የጫኝ ክንድ ነው። ከሥራ በፊት እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፤ በሞቀ እጅ ብርጭቆ አይነኩም። ሰዓታቸውን አውልቀው ብስኩት በነበረበት ጣሳ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ልክ አራት ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ በዳቦ ይበላሉ። በጾም ቀን ሽታው ይረብሸኝ ነበር፤ ስነግራቸው መስኮቱን ከፈቱ እንጂ ምግቡን አልተዉም። ማመስገን የሚባል ነገር አያውቁም። ሥራው እጅግ ሲያምርላቸው የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «አይጎዳም።»

ለአንድ ዓመት ያህል ከጀርባቸው ሆኜ እያጠብኩ አየኋቸው። ክሪስታል ሲቆረጥ ሳህኑ ከድንጋዩ በላይ ነው የሚያዘው። ቆራጩ የሚያየው ከውስጥ በኩል በብርጭቆው አሳልፎ ነው፤ ድንጋዩ ከሥር እየበላ ሲመጣ ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ውሃ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ በቀይ እርሳስ ሳህኑ ላይ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ግን ቦታውን እንጂ ጥልቀቱን አይናገርም። ጥልቀቱን የሚናገረው ድምፁ ነው። ድንጋዩ በሚገባ ሲይዝ የሚያወጣው ድምፅ እንደ ንብ ነው፤ ሲጠልቅበት ይወፍራል። ሚስተር ፊላን በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ከተማቸው ያወራሉ። ዓይናቸውን ከሳህኑ አያነሡም፤ ለኔ ይሁን ለሳህኑ እንደሚያወሩ አይታወቅም።

ዋተርፎርድን እንዲህ ነው የማውቃት። ባሕር ዳር አይደለችም፤ መርከቡ በወንዙ ሽቅብ መጥቶ ከተማው መሀል ይቆማል። በወንዙ ዳር ያለው የድንጋይ መርከብ መቆሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱበት ያደክማል። ድሮ ከዚያ የሚጫነው ቅቤ፣ የአሳማ ሥጋና እህል ነበር፤ ዓሣ ወደሚጠመድባቸው ሩቅ ደሴቶች ይሄድ ነበር። አሳማው በእግሩ በድልድይ ላይ እየተነዳ ይገባል፤ ሚስተር ፊላን ልጅ ሆነው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገዱ በአሳማ ተዘግቶ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የክሪስታል ፋብሪካው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ቀረጥ ሲከብድ ተዘጋ። ለመቶ ዓመት ያህል ከተማው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ክሪስታል አልቆረጠም፤ የሚያውቁት ሞቱ፣ ልጆቻቸው ሥጋ በጨው የሚያሽጉ ሠራተኞች ሆኑ። እንደገና ሲከፈት የሚያስተምር የአገር ሰው ስላልነበረ ባለሙያዎች ከቼኮች አገር መጡ።

«የኔ አስተማሪ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ የተናገረኝ ሃያ ቃል አይሞላም።»

«ታዲያ እንዴት ተማሩ?»

«ሲከፋው እጄን ይመታኛል።»

«ሲደሰትስ?»

አሰቡ። «እሱን አላየሁም።»

በዚያን ሰሞን ከድንጋዩ ፊት ተነሡና «ነይ፣ ያዢ» አሉኝ። ዳግላስ ለምሳ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓቴ ለመቁረጥ ሆነ። «አትግፊው» ይሉኛል። «ድንጋዩ የተራበ ነው፣ ራሱ ይመጣል። አንቺ ሥራሽ መከልከል ነው።» መነፅር ቤት የተማርኩት ጠቀመኝ፤ ግን መነፅር ጠርዝ ነው፣ ይህ ልብ ውስጥ መግባት ነው። አራት ዓመት ፈጀብኝ።

በከተማቸው አንድ ልማድ አለ። ተማሪው ቆራጭ ነው ለመባል የቁርጥ ዓይነት ሁሉ ያለበት አንድ ሳህን ብቻውን ይቆርጣል። ሳህኑ ነቁጥ ከተገኘበት ራሱ ተማሪው በመዶሻ ይሰብረዋል፤ ሰው እያየ። ሻጩ ጉድለቱን ደብቆ እንዳይሸጠው፣ ተማሪውም ቤቱ ወስዶ እንዳያስቀምጠው ነው። ቆራጭ ከሆነም በኋላ ያው ነው። ነቁጥ ያለበት ነገር ከበር አይወጣም።

የመጀመሪያዋን ሳህኔን ሚስተር ፊላን ጥቁር ጨርቅ አስደግፈው ወደ መስኮቱ አነሡና አሽከረከሩ። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንደኛው በፀጉር ስፋት አልፎ ሄዷል። መዶሻውን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህ እኮ አይታይም» አልኳቸው።

«አንቺ አይተሽዋል።»

«ውሃ ይይዛል። ፍራፍሬ ይይዛል።»

«ባልዲም ይይዛል።»

እኔ ያደግሁበት ቤት የተሰነጠቀ ቅል በጅማት ይሰፋል። የተሸረፈ ማሰሮ አይጣልም፣ እህል ይቀመጥበታል። እናቴ ዕቃ የሚሰብር ሰው ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። ወርክሾፑም ቢሆን ያስተማረኝ መጠገን ነው፤ ቀን ሙሉ የሌላውን ሽርፍራፊ ሳቃና ውዬ የራሴን እንዴት እሰብራለሁ? ቢሆንም ሰበርኩት። ሁለት ጊዜ መምታት ነበረብኝ፤ የመጀመሪያው አልበረታም። ሚስተር ፊላን ጠርገው ጣሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛዋን ሳህን በዓመቱ ሰጠኋቸው። በመስኮቱ ብርሃን ብዙ አዩአት። በጥፍራቸው መቷት፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቁ። «አይጎዳም» አሉ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ በእግሬ ሁለት ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

ዳግላስ ያችን ሳህን መደርደሪያ ላይ አያት። በሳምንቱ መኪናው ውስጥ ጭኖ ኩፐርቲኖ፣ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ወሰዳት። ሲመለስ እየሳቀ ገባ። ለምን እንደሳቀ የሰማሁት ከሮማን ነው። ሮማን በዲቪ የመጣች፣ ደንበኛ የምትቀበል፣ ስልክና ኮምፒውተሩን የያዘች ልጅ ናት። እኔ ነኝ ያስገባኋት፤ ይህን ደጋግማ ረስታዋለች።

«እትዬ የሺመቤት፣ የኩፐርቲኖዎቹ ኮል አድርገው ነበር» አለችኝ። «ሃያ ሦስት ነው የሚፈልጉት። ዴድላይኑ አይነቃነቅም ብለዋል።»

«ሃያ ሦስት ምን?»

«ሳህን ነዋ። ለትልልቆቹ ሠራተኞች አዋርድ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ሳህን ምን ይሠራለታል ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ዳግላስ አልሳቀልኝም።»

«ማን ቆረጣት አላቸው?»

ወደ ስክሪኗ ዞረች። «እሱን እንግዲህ ሚስተር ፊላን ብሏል መሰለኝ። አይሪሽ መሆኑን ነው የወደዱት፣ እትዬ። ለቢዝነስ ነው።»

ከኩባንያው ሁለት ሰዎች ወርክሾፑን ሊያዩ መጡ። ዳግላስ ሚስተር ፊላን ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ «እኚህ ናቸው» አለ። ሳህኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። እኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ከሰዎቹ አንዱ «እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ሚስተር ፊላንን ጠየቃቸው። «አራት፣ አምስት ዓመት» አሉ። ውሸት አልተናገሩም። እውነቱንም አልተናገሩም። ጥፍራቸው ሥር የገባውን የብርጭቆ ዱቄት እያወጡ ነበር።

ብዙ ሰው ዳግላስን ብቻ የምወቅስ ይመስለዋል። ዳግላስ ነጋዴ ነው፤ የሚሸጥለትን ሸጠ። ያን ቀን የታዘብኩት ሚስተር ፊላንን ነው።

በዚያን ጊዜ እጃቸው መያዝ እያቃተው ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጠዋት ጠዋት አይታጠፍም። ሃያ ሦስቱንም ሳህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው መስመር ያሰምራሉ፣ አርብ አርብ ደግሞ የሳምንቱን ሥራ በጥቁር ጨርቅ ይመረምራሉ። ያለነቁጥ ያገኙትን ከእግሩ ሥር የራሳቸውን ምልክት ያደርጉበታል። ጥሬ ሳህኖቹ ከባሕር ማዶ የመጡት ሃያ አራት ነበሩ። አንደኛዋ በመንገድ ተሰብራ ደረሰች። ትርፍ የሚባል ነገር አልቀረንም።

ሃያ አንደኛዋን፣ መስመር ተሰምሮላት፣ ልቆርጥ ሳነሣት ከእግሯ ከፍ ብሎ አንድ ጠጠር አየሁ። ጠጠር የምንለው ምድጃ ውስጥ ሳይቀልጥ የቀረ ቅንጣት ነው። የሰሊጥ ፍሬ አያክልም። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጠጠር ያለበት ብርጭቆ አይቆረጥም፣ ይሰበራል። ምክንያቱም ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ በጠጠሩ ዙሪያ ውስጥ ውስጡን ተወጥሮ፣ ተጨንቆ ነው የሚቀረው፤ ጭንቀቱ በዓይን አይታይም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ግን ይሰነጥቀዋል። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም አልልም።

ለሚስተር ፊላን ባሳያቸው መዶሻው ይወጣል። ሃያ ሁለት ሳህን ይሆናል፣ ዳግላስ ውሉ ይበላሽበታል፣ ምናልባት ሥራው ሁሉ ይቀራል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ጠጠሩ ያለበት ቦታ ጥልቅ ቁርጥ ከሚያልፍበት መስመር በጣት ስፋት ብቻ ነው የሚርቀው። መስመሩን ዙሪያውን ትንሽ ባዞረው ቁርጡ ጠጠሩን ይዞት ይወጣል። እንደ ተሸረፈ ከንፈር ነው፤ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ይጠፋል። ለዚህ ነበር ስድስት ዓመት ፒያሳ፣ ስድስት ዓመት ፍሩትቬል የሠራሁት።

ቀይ መስመሩን ጠርጌ እንደገና አሰመርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራኋት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደሷ አድርጌ የቆረጥኩት የለም። ድንጋዩ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ወዲያው ጠራ። ከውስጥ ሆኜ ሳየው ጠጠሩ የለም። ጥርት ያለ ጥልቅ መስመር ብቻ ነው።

አርብ ሚስተር ፊላን አራቱን የሳምንቱን ሳህኖች ተራ በተራ አነሡ። እሷን ሲያነሡ ድንጋዬን እያጠብኩ ነበር፤ ዞሬ አላየሁም። ቆዩ። ከሌሎቹ የበለጠ ቆዩ። በጥፍራቸው መቷት። ቀጥሎ ምልክታቸውን የሚያደርጉበት መሣሪያ ሲጮህ ሰማሁ። አምነውኝ ነው አልኩ።

ሽልማቱ የተሰጠው ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ዳግላስ ሳህኖቹን ራሱ ወሰዳቸው። የዚያን ቀን ፀሐይ ብርቱ ነበር፤ የመኪናው ኋላ ሲከፈት እንደ ምድጃ ነበር አለች ሮማን፣ አብራው ሄዳ ነበርና። አዳራሹ ደግሞ የቀዘቀዘ ነው። ሰዎቹ እየተጠሩ ይወጣሉ፣ ይቀበላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። አንዱ ሰውዬ ሳህኗን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ሲያነሣት ሁለት ሆነች። እግሯ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ የቀረው በእጁ ውስጥ ተከፈለ። መዳፉ ተቆረጠ። አምስት ቦታ ተሰፋ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

ስብርባሪው በካርቶን ተመልሶ መጣ። ቁርጥራጮቹን ገጣጥሜ አየሁ። ስንጥቁ የተነሣው እኔ ካዞርኩት መስመር ሥር ነው። ጠጠሩ ወጥቷል፤ ጭንቀቱ ቀርቷል።

ዳግላስ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ያችን የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አልኩት። «ጠጠር ነበረባት። አውቄ ነው ያሳለፍኳት። ሚስተር ፊላን የሉበትም።»

«ይህን ለማን ተናግረሻል?»

«ላንተ ነው የምናገረው።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «የሺ፣ አድምጪኝ። ደንበኛው የሚያውቀው ሁሉንም ፊላን እንደቆረጠ ነው። ውሉ ላይ ያለው ያ ነው። ዛሬ አንዷን ሌላ ሰው ቆርጧት ነበር ብል፣ ቀሪዎቹንስ ማን ቆረጠ ይሉኛል። ሃያ ሁለቱን ይመልሱብኛል።»

«ሃያ ሁለቱንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ እኮ ነው የማትናገሪው።»

ሚስተር ፊላን ተጠሩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰማሁ። ዳግላስ ሲጠይቃቸው «ምልክቱ የኔ ነው፣ ስለዚህ የኔ ናት» አሉ። ለደንበኛው ሽማግሌው ባለሙያ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ሥራ አቁመዋል የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። ሮማን ታይፕ አደረገችው። ሚስተር ፊላን ሰዓታቸውን ከጣሳው አውጥተው አሠሩ፣ መዶሻውን ጋዜጣ ውስጥ ጠቀለሉ፣ ወጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። እኔም ፎጣዬን አንሥቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

የሳቸው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ጠጠር ያየሁበትን ሁሉ ሰብሬያለሁ፤ ዳግላስ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ጭምር። የወርክሾፑ ቆራጭ ማነው ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ሮማን «ትሬኒንጉ አይሪሽ ነው» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሺመቤት ሥራ ቦታ ውድ ዕቃ ሰብራ ሽማግሌ አስባርራለች ተብሎ ተወራ። ያን ወሬ ማን እንዳመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው ሊያውቅ የሚችለው። ሮማንን ስጠይቃት «ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ፣ እኔ እንዲህ አልልም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋትም።

ሚስተር ፊላን ኤል ሴሪቶ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ አፓርታማ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ይዤ እሄድ ጀመር። ምስር ይወዳሉ፣ በርበሬ ግን አይችሉም። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ። ስለ ሳህኗ ተነጋግረን አናውቅም። ጥፋቴን የተሸከሙልኝ ሰው ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሄድኩት ስለዚህ ነው። ስለምወዳቸው እንዳይመስል።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ አነበብኩላቸው። የ«ድጋፍ የሰጡ» ዝርዝር ላይ ስደርስ ስሜን አንብቤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የኔን ስም ያደርጉታል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አሉ። «ከዚያ ነገር በኋላ።»

«ከዚያ ነገር በኋላ የኔ ነው መደረግ ያለበት። ሳህኑም ጥፋቱም የኔ ነው።»

የምግብ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ጠጠሩን አውቄው ነበር።»

አልገባኝም። «የቱን?»

«መስመር አሰምሬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አርብ ሳያት መስመሩ ተንቀሳቅሷል። ሰው ያለምክንያት መስመር አያንቀሳቅስም። ወደ ብርሃን ሳነሣት ገባኝ። ጠጠሩ የነበረበትን ቦታ በጣቴ ላሳይሽ እችል ነበር።»

«አይተው ነው ያሳለፏት?»

«አይቼ ነው።»

«ለምን?»

የማይታጠፈውን አውራ ጣታቸውን በግራ እጃቸው አሹ። «ሃምሳ ዓመት ያህል ክሪስታል አየሁ» አሉ። «እንደዚያ ያለ ቁርጥ ግን አላየሁም። ያን የሠራ ሰው ፊት መዶሻ ማውጣት አልቻልኩም። ይይዛል ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠብኩት ልብስ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣውን ግን እጽፋለሁ፤ ስለ ስሜቴ ሳይሆን ስለ ሥራ ነውና።

«ያን ቀን ይህንኑ ቢነግሩኝ ኖሮ ራሴ እሰብራት ነበር» አልኳቸው።

«መሰለኝ» አሉ።

«ቁርጡ ጥሩ ነው የሚል ሰው ቢኖረኝ ሳህኗን ማቆየት ምን ያደርግልኛል? ያቆየኋት ምስክር እንድትሆነኝ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መከራከር ይችሉ ነበር፤ አልተከራከሩም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። አውራ ጣታቸው ስለማይታጠፍ እስክሪብቶውን እንደ ማንኪያ ነበር የያዙት። ሃያ ሦስቱንም ሳህን የቆረጠችው የሺመቤት መሆኗን፣ እሳቸው መስመር ማስመራቸውንና መመርመራቸውን፣ የተሰበረችውን እሷ ጠጠሩን ደብቃ እንዳቀረበችና እሳቸው ደግሞ አይተው እንዳሳለፉ ጻፉ። በዋተርፎርድ ልማድ ሳህኗን አቅርባ ካለፈችበት ቀን ጀምሮ ቆራጭ ናት ብለው ፈረሙ።

ደብዳቤውን ሰኞ ይዤ ወርክሾፑ ሄድኩ። ሮማን ኮፒ አደረገችው፤ ኮፒ ስታደርግ አነበበችው።

«እትዬ፣ የዚያን ጊዜውን ደብዳቤ እኮ የተባልኩትን ነው ታይፕ ያደረግሁት» አለችኝ።

«አውቃለሁ። አሁንም የምትባዪውን ታይፕ ታደርጊያለሽ።»

ዳግላስ ቆሞ አነበበ፣ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበ። እንደጠበቅሁት አልተቆጣም። ዓመታት አልፈዋል፣ ኩባንያው ሌላ ሰው ገዝቶታል፣ ነገሩ ቀዝቅዟል። እንደውም የሚጠቅመው መሰለው። «ይህ ጥሩ ታሪክ ነው» አለኝ። «ከአየርላንዱ ባለሙያ የተማረች ኢትዮጵያዊት። ሰው ይወደዋል። ስምሽን ከላይ አደርገዋለሁ። ሃያ ሁለት ሳህን ቆርጣለች እላለሁ።»

«ሃያ ሦስት» አልኩት።

«የሺ፣ የተሰበረችውን ማስታወስ ለማን ይጠቅማል? እሷን ለፊላን እንተዋት። እሱም ተቀብሎታል። ላንቺ ጥሩዎቹን ልሰጥሽ ነው የምለው።»

«ጥሩዎቹን የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። ሥራው የኔ ሆኖ ጥፋቱ የሰው ሊሆን አይችልም።»

«እንግዲያው እንደነበረው ይቀመጥ» አለ። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ። ለሃያ ሁለቱ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሜ ከላይ ነበር። ሮማን እስከ በሩ ሸኘችኝና «እትዬ፣ ትልቅ ቻንስ አሳለፍሽ» አለችኝ። ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀቱ እንደነበረው ይታደላል። ስሜም አራተኛው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው። ሃያ ሦስቱንም ሳህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለቱ ሰው ቤት አሉ። አንዷ የሰው እጅ አቁስላለች፤ እሷም የኔ ናት፣ ከሁሉም ደግሞ ቁርጧ ያማረው እሷ ነበረች።